ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ስግብግብነት በጀብዱ ልብ ወለድ ውስጥ

ሞጆ ላይ መንገድ ሁለት ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ወይ ወደ አዳማ ይቀጥላል፣ ወይ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቆቃን፣ መቂንና ዝዋይን አልፎ ሐዋሳ ይገባል። በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ ሁለት መንገድ ስላሸነፈው ጅብ የሚነገር ምሳሌ አለ። መንታ መንገድ ላይ ቆሞ የሥጋ ሽታ ከሁለቱም አቅጣጫ መጣበት፤ አንዱንም መተው አቃተው፤ ግራ እግሩን በአንዱ፣ ቀኝ እግሩን በሌላው ሰዶ ሲሄድ ለሁለት ተሰነጠቀ። እኛም ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንላለን።

ዓለም በፍቅር ያነበባቸው የጀብዱና የምናብ መጻሕፍት አብዛኞቹ የዚህ ጅብ ታሪክ ናቸው። ካርታ ይገኛል፣ ወርቅ ይፈለጋል፣ ወዳጅ ወዳጁን ይገድላል፣ በመጨረሻም ስግብግቡ በገዛ እጁ ይጠፋል። እነዚህ መጻሕፍት ስግብግብነት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲነግሩን እውነታቸውን ነው። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ሲነግሩን ግን ብዙዎቹ ይዋሻሉ። ይህን ለማለት የሚያስደፍረኝ የተረቱ ወርቅ ለብዙ ዘመን የተፈለገው በእኛው አገር መሆኑ ነው።

የእኛ ጥንታዊ የጀብዱ ትረካ በዘንዶ ይጀምራል። አርዌ የሚባለው እባብ በአክሱም ምድር ነግሦ ከብቱንም፣ ፍየሉንም፣ ልጃገረዶቹንም በግብር ይቀበል ነበር ይላል አፈ ታሪኩ። አተራረኩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በሰፊው በሚታወቀው መሠረት የገደለው አንጋቦ ነው፤ አንጋቦም ለንግሥተ ሳባ አባቷ ነው። አንጋቦ በጦር አልገጠመውም። ፍየል መርዝ አብልቶ አቀረበለት፣ አርዌም እንደ ልማዱ ዋጠና ሞተ። አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ የሚሸጡት ባለ ብዙ ክፍል የሳባ ሥዕሎች ይህችን ፍየል ብዙ ጊዜ ያሳያሉ። እባቡን የገደለው ሆዱ ነው።

የሰሜን አውሮፓ ዘንዶ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። በኖርስ ትረካ ፋፍኒር አስቀድሞ ሰው ነበር፤ አባቱን ለወርቅ ብሎ ገደለ፣ ወርቁን ታቅፎ ተኛ፣ ተኝቶም ዘንዶ ሆነ። በጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም በቤዎልፍ ደግሞ አንድ ሰው ከዘንዶው ክምር አንዲት ጽዋ ብቻ ስለሰረቀ አገር ይቃጠላል። የእነርሱ ዘንዶ ያለውን አይበላም፣ አይለብስም፣ ቆጥሮ ይጠብቃል። የእኛ ዘንዶ ግብር ይበላል። ሁለቱ የስግብግብነት ዓይነቶች ናቸው፤ ገበሬ በገባርነት ለኖረበት አገር የቱ እንደሚቀርበው ግልጽ ነው።

በግዕዝ መጻሕፍትም ይህ ነገር በቁም ነገር ተይዟል። እጨጌ ዕንባቆም ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ለመሆን የበቁ ሊቅ ናቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በረላምና ይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ከሕንድ የቡድሃ ታሪክ ተነሥቶ ብዙ አገር የዞረው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የወፍ አዳኙ ምሳሌ አለ። አዳኙ አንዲት ትንሽ ወፍ ይይዛል፤ ወፊቱ ብትለቀኝ ሦስት ምክር እሰጥሃለሁ ትለዋለች። የማይደረስበትን አትመኝ፣ ባለፈው አትጸጸት፣ የማይታመነውን አትመን ብላው ትበራለች። ከዛፍ ላይ ሆና ግን ትፈትነዋለች፤ በሆዴ ውስጥ ከሰጎን እንቁላል የሚበልጥ ዕንቁ ነበረልህ ትለዋለች። ሰውየው ያን ጊዜ ይንገበገባል፣ ተመልሳ እንድትመጣም ይለምናታል። ወፊቱ ራሷ የሰጎን እንቁላል አታህልም። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስቱም ምክሮች ከራሱ ወጡ። አሊባባና አርባዎቹ ሌቦች ውስጥ ደግሞ የአሊባባ ወንድም ቃሲም ዋሻው ገብቶ ወርቁን ካየ በኋላ በሩን የሚከፍተው ቃል ይጠፋዋል፤ ሌቦቹ እዚያው ደርሰው ይቆራርጡታል። የሥነ ልቦና መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ የሚነግረን ጥቂት ነው። ስግብግብነት መጀመሪያ የሚወስደው አእምሮን ነው።

እስከዚህ ድረስ ተረቱ ስለ ሰው ሁሉ ነው። ከ12ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ ወርቁ አድራሻ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1165 አካባቢ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ጻፈው የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ። ደብዳቤው ሐሰተኛ ነበር፤ የሚተርከው የዕንቁና የወርቅ መንግሥትም አልነበረም። አውሮፓውያን ያን መንግሥት መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያ ላይ አሳረፉት። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ ይህንኑ ንጉሥ ፍለጋ ተልኮ እኛ ዘንድ ደረሰና እንዳይመለስ ተከለከለ፤ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ እዚሁ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል አገር በሕይወት አገኙት።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ይህን የወርቅ ወሬ ከብዙዎች በተሻለ አስተዋለ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበርና ከዚያ ያውቃታል። በምናቡ የፈጠረው በአማራ ምድር ያለው ቤተ መንግሥት በምሰሶዎቹ ውስጥ ነገሥታት የደበቁት ሀብት አለው። የመጽሐፉ ጠቢብ ኢምላክ የጎጃም ሰው ነው፤ አባቱ ሀብታም ነጋዴ ሲሆን ምኞቱ ሁለት ብቻ ነበር፦ መክበር፣ የከበሩትንም የአገሩ ገዢዎች እንዳይዘርፉት መደበቅ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ጆንሰን ነጋዴውን ንፉግ ብሎ ሰድቦ አላለፈም፤ ንፍገቱን የወለደው የሹማምንት ስግብግብነት መሆኑን አሳየ። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ስለመለሱልን ባለውለታችን ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምዕራፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ግን የልብ ወለዱን ታሪክ ያለ እርሱ መረዳት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፤ ዝርፊያውን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። እዚያም ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ሲገዛ ዋለ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ከጦሩ ጋር ከዘመቱት ጋዜጠኞች አንዱ ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ነበር። ሄንቲ «የመቅደላ ዘመቻ»ን ካሳተመ በኋላ ለወንድ ልጆች የጀብዱ ልብ ወለድ እየጻፈ ከመቶ በላይ መጻሕፍት አወጣ፤ የእንግሊዝ ልጆች ትውልድ ከትውልድ በእርሱ መጻሕፍት አደገ። የአፍሪካ አሳሹ የስታንሊ የኋለኛ ዝናም ከመቅደላ ዜና ይጀምራል፤ እርሱም በዚያ ዘመቻ የኒው ዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ነበር። የጀብዱ ሥነ ጽሑፍ ወርቃማ ዘመን የሚባለው የተወለደው በዚህ ትውልድ እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ለንደን ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግን ምንም ፍንጭ አልተገኘም የሚል ነበር። ሥዕሉን ሆልምስ ከመቅደላ ወስዶ ለራሱ አስቀርቶት ነበር፤ ደብዳቤው በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሆልምስ በዊንዘር የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ሹም ነበር። ደብቆ እንደያዘው ኖሮ ሞተ፤ ከሞተም በኋላ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከየትኛውም የዘንዶ ተረት በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። እርግማን አልደረሰበትም፣ ዋሻ አልተዘጋበትም፤ በክብር ተሹሞ፣ በክብር ተቀበረ።

አሁን ስኮትላንዳዊውን ደራሲ ስቲቨንሰንን እናንሣ። «የሀብት ደሴት» በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። የባሕር ወንበዴው ካፒቴን ፍሊንት ሀብቱን ለመቅበር ስድስት ሰዎች ይዞ ወረደ፤ ስድስቱንም ገድሎ ብቻውን ተመለሰ፤ የአንዱን ሬሳ አጋድሞ አጽሙን አቅጣጫ መጠቆሚያ አደረገው። ወንበዴዎቹ ተላልቀው ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱ ባዶ ነው፤ 700,000 ፓውንዱን ደሴቱ ላይ ተትቶ የነበረው ቤን ጋን አስቀድሞ ወስዶታል። ያ ባዶ ጉድጓድ ስለ ስግብግብነት ከተጻፉት ትዕይንቶች ሁሉ ምርጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ስቲቨንሰን ሌላም ሐቀኝነት አለው፦ ከሁሉ የከፋው የወንበዴዎቹ መሪ ሎንግ ጆን ሲልቨር አይሰቀልም፤ አንድ ከረጢት ገንዘብ ይዞ ያመልጣል።

እንግሊዛዊው ራይደር ሃጋርድ ከዚህ የተሻለ እጽፋለሁ ብሎ ከወንድሙ ጋር ተወራርዶ «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን»ን እንደጻፈ ይነገራል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1885 ነው። ካርታውን እ.ኤ.አ. በ1590 በደሙ የጻፈው ፖርቱጋላዊ ተራራ ላይ በብርድ ደርቆ ይገኛል፤ መንገዱ የሰሎሞን፣ ተራሮቹ የሳባ ናቸው። ሦስቱ እንግሊዛውያን ዋሻው ውስጥ ሲገቡ አሮጊቷ ጋጉል የድንጋዩን መዝጊያ ልትለቅባቸው ትሮጣለች፤ ልታስቆማት የሞከረችውን የአገሬውን ልጅ ፉላታን በጩቤ ወግታ ትገድላለች፤ ራሷም በድንጋዩ ትጨፈለቃለች። ሦስቱ ሰዎች በጨለማ ሞትን ሲጠብቁ አልማዙ ጠጠር ይሆንባቸዋል። ይህ እውነተኛ ክፍል ነው። ቀጥሎ ግን ከሦስቱ አንዱ ኳተርሜይን ሊያመልጥ ሲል ኪሱን ይሞላል፤ እንግሊዝ ሲገቡም በዚያ ይከብራሉ። ሙታኑን ብንቆጥር በዋሻው የቀሩት ሁለቱም የአገሬው ሴቶች ናቸው። መጽሐፉ ሳያስበው እውነቱን ነገረን፦ ኪሱን የሞላው ሌላ፣ ዋጋውን የከፈለው ሌላ። ሃጋርድ ለአገሬው ንጉሥ ለኢግኖሲ የሰጠውን ፍርድም መርሳት አይገባም፤ ንጉሡ ጠመንጃና አረቄ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ዳግመኛ አገሬን አይረግጥም ብሎ ደጁን ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. በ1910 በአንድ ዓመት ሁለት መጻሕፍት ወጡ። ሃጋርድ ራሱ በ«የንግሥተ ሳባ ቀለበት» ከአቢሲኒያ ቤተ እስራኤል የተወለደ ሕዝብ ፈጥሮ ፈሪና ገንዘብ ወዳድ አድርጎ ሣለው። ይህ ስድብ ነው፤ የታላቅ ደራሲ ስም አያጥበውም። ጆን በከን ደግሞ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» ብሎ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያንን የ12ኛ መቶ ዘመን ወሬ በቀይ ዕንቁ ሐብል አስነሣው። ሐብሉን ሊሰርቅ የከዳው ኤንሪኬስ በአፍሪካዊው የዓመፅ መሪ በላፑታ እጅ ይሞታል፤ ላፑታ ሐብሉን እንዳጠለቀ ወደ ገደሉ ውኃ ይወረወራል፤ የመጽሐፉ ጀግና ስኮትላንዳዊው ወጣት የተሸሸገውን አልማዝ ወርሶ ይከብራል።

የእኛ መልስ ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለት ዓመት ቀድሞ ታትሟል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ጦቢያ እያልን የምንጠራው፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው፤ ጀብዱም ነው። ጦርነት፣ ምርኮ፣ በባርነት መሸጥ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጅ አሉበት። ታሪኩ የሚዞረው ግን በአንድ ቸር ነጋዴ ላይ ነው። ጀግናው ዋሕድ አባቱን ከምርኮ የሚቤዥበት ገንዘብ ሲያጣ ነጋዴው ምላሽ ሳይሻ ይሰጠዋል፤ ዋሕድም ውለታውን ሊመልስ ያን ሰው ፍለጋ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። የሃጋርድ ጀግኖች አልማዝ ፍለጋ ይወጣሉ፤ የአፈወርቅ ጀግና የሚያመሰግነውን ሰው ፍለጋ ይወጣል። ስግብግብነትም በጦቢያ ውስጥ ስሙ ግልጽ ነው፤ ሰው ይሸጣል። ስለ አፈወርቅ የፖለቲካ ሕይወት የምንለው ብዙ ቢሆንም ይህን መጽሐፍ ግን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ያለው ዝዋይ ሐይቅም የራሱ የሀብት ደሴት አለው። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ስትሆን ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው በእርሷ ላይ ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፣ ለ70 ዓመት ያህልም እዚህ ቆየች ይላል የአካባቢው ትውፊት። በደሴቶቹ የሚኖሩት ዛዮች ቋንቋቸውንም፣ ብራናዎቹንም ጠብቀው ዘልቀዋል። ካርታ፣ ደሴት፣ የተሸሸገ ቅርስ፣ አሳዳጅ፤ ለጀብዱ ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ልዩነቱ የቅርሱ ጠባቂዎች ዘንዶ አለመሆናቸው ነው። የሸሸጉት ሊነግዱበት ወይም ሊከብሩበት አልነበረም፤ ሊያነቡት፣ ሊቀድሱበት ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ደጃችን ተቀምጦ እኔ እስከማውቀው የልብ ወለድ ደራሲ ያልጎበኘው መሆኑ ያስቆጨኛል።

ወርቅ ፈላጊዎቹ በ20ኛው መቶ ዘመንም አላቆሙም። ፍራንክ ሄይተር እ.ኤ.አ. በ1935 «የሳባን ማዕድን ፍለጋ» ብሎ ጻፈ፤ ወለጋ ውስጥ በቱሉ ወለል ተራራ ጥንታዊ ጉድጓዶችን አገኘሁ አለ። ታሂር ሻህም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ የእርሱን ዱካ ተከትሎ አገራችንን ዞሯል።

ሄይተር በጻፈ በሁለተኛው ዓመት እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን «ሆቢት» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። የቤዎልፍ ሊቅ ነበርና የዘንዶውን ጽዋ ከዚያው አምጥቶታል፤ ዘንዶው ስማውግ ከተራራ ሙሉ ወርቁ አንዲት ጽዋ ብትጎድል ያውቃል። ቶልኪን ግን ዘንዶው ሲሞት ታሪኩን አይጨርስም። ወርቁ ላይ የተኛው መርዝ ወደ ድዋርፎቹ ንጉሥ ወደ ቶሪን ይተላለፋል፤ ጎበዝና ደግ የነበረው ሰው ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልሰጥም ይላል። ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ነው፦ ቶልኪን የሐይቁን ከተማ ሲቃጠል አሳይቶናል። የተራራው ወርቅ በተነካ ጊዜ የነደደው የዓሣ አስጋሪው ቤት ነው። ለከተማው መልሶ ግንባታ የተሰጠውን ወርቅ ይዞ የጠፋው ሹም ደግሞ በምድረ በዳ በረሃብ ይሞታል። የመጽሐፉ ጀግና ቢልቦ ድርሻውን ለሰላም አሳልፎ ሰጥቶ ሁለት ትንንሽ ሣጥን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሃጋርድ ያላየውን ቶልኪን አየ።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን በሙሉ ስፋቱ ያየው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዘንዶው ሰው ሆኖ ቀረበ። ፊታውራሪ መሸሻ ወርቅ ላይ አይተኙም፤ እንደ አርዌ ግብር ይበላሉ። ያልተለመደ ግብር ሲጨምሩ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ያምጻሉ፤ ፊታውራሪውም ይማረካሉ። እዚህ መርዝ የበላች ፍየል አላስፈለገችም።

ወደ ሞጆ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ዛሬ የአገሪቱ ዋና ደረቅ ወደብ ናት፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ኮንቴይነር የሚራገፈው እዚህ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎችም አሏት። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ቆቃ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1952 ዓ.ም. የተገደበው የአዋሽ ውኃ ነው። ተመራማሪዎች በወንዙ ውስጥ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ክሮም ደጋግመው አግኝተዋል፤ የሐይቁም ውኃ በአልጌ አረንጓዴ ሆኖ ታይቷል። ፍሳሽ ማጣራት ወጪ አለው። ያንን ወጪ ያዳነ ሰው በገዛ መርዙ አይሞትም፤ ውኃውን የሚቀዱት፣ ከብት የሚያጠጡት፣ ዓሣ የሚያሰግሩት ታች ያሉት ናቸው። ጅቡ አልተሰነጠቀም።

ስለዚህ የሞጆ፣ የአዳማና የመቂ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ወላጆች ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ስቲቨንሰንንም ሃጋርድንም ለልጆች ስጧቸው፤ እኔም የምወዳቸው መጻሕፍት ናቸውና አልከለክልም። ከጎናቸው ግን ጦቢያን አስቀምጡ። አሳታሚዎች በልጅ አቅም የሚገዛ እትም አውጡለት። የኦሮሞና የዛይ አረጋውያን የሚያወሩትን ተረት በየቋንቋቸው ቅዱላቸው፤ ሰው አላፊ ነው። ልጁ መጽሐፉን ጨርሶ ሲከድንም ወርቁ ሲወጣ የሞቱት እነማን ነበሩ ብላችሁ ጠይቁት፣ ስማቸውንም ይጥራላችሁ።